ለመንገድ ሥራ የከርሰ ምድሩን አፈር በጂኦፊዚክስ መመርመር፦ ከአዘዞ ሜዳ እስከ ጭልጋ ላለ መሬት የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው። ቡድኑ መሣሪያውን ተሸክሞ ይወጣል፣ ቀኑን ሙሉ ሲለካ ይውላል፣ ኮምፒውተሩ ቀይና ሰማያዊ ሥዕል ያወጣል። ሪፖርቱ «ከ1.5 ሜትር በታች ጠንካራ ዐለት» ይላል። ኤክስካቫተሩ ሲገባ ግን ሦስት ሜትር ሙሉ ዋልካ (ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር ሸክላ) ይወጣል። ከዚያ ክርክር፣ የዋጋ ጭማሪ፣ የቆመ ሥራ።

መሣሪያው አልተሳሳተም። የለካው ኤሌክትሪክ በመሬቱ ውስጥ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚያልፍ፣ ወይም ሞገድ በምን ፍጥነት እንደሚሮጥ ነው። አፈሩን ራሱን አልለካም። ቁጥሩን ወደ አፈር ስም የቀየረው ሰው ነው፤ የቀየረውም አንድም ጉድጓድ ሳያይ ነው። ስለዚህ ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ በአንድ ሕግ ይመራሉ። ጂኦፊዚክስ የት እንደምትቆፍሩ ያሳያችኋል፣ በጉድጓዶቹ መካከል ያለውንም ይሞላላችኋል። ጉድጓዱን ግን አይተካም።

መመሪያው መሬቱን ለሚያውቁት ግን ልኬቱ እየተበላሸ ላስቸገራቸው ወጣት መሐንዲሶችና የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ነው። ምሳሌዎቹ ከጎንደር ዙሪያ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በወረቀት ጻፉ

«መሬቱን እንመርምር» ብሎ መውጣት ጥያቄ አይደለም። ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጻፉ።

1. እዚህ ቦታ ላይ መንገዱ በሙሌት ነው የሚያልፈው፣ በቆረጣ ነው ወይስ በድልድይ?
2. እስከ ስንት ሜትር ጥልቀት ማየት አለብን?
3. ስንት ሜትር ብንሳሳት ንድፉ ይቀየራል?

ለዝቅተኛ ሙሌት ብዙውን ጊዜ የላይኛው 3 ሜትር ይበቃል። ሙሌቱ ከፍ ካለ ጥልቀቱንም ጨምሩ። ለቆረጣ ከመንገዱ የመጨረሻ ከፍታ በታች ቢያንስ 2 ሜትር ውረዱ። ለድልድይ እግር ከ15 እስከ 20 ሜትር ማየት ያስፈልጋል።

ይህን ሳይጽፉ የወጡ ቡድኖች የሚሠሩት ስሕተት ሁሌም ያው ነው። ውኃ ለመፈለግ የተለመደውን ረጅም የኬብል ዝርጋታ ለመንገድም ይጠቀሙበታል። መቶ ሜትር ጥልቀት ያያሉ፣ መንገዱ የሚያርፍበትን ሁለት ሜትር ግን ያጡታል።

ደረጃ 2፦ መስመሩን በእግር ሂዱበት፣ ገበሬውን ጠይቁ

መኪና ውስጥ ሆኖ የታየ መሬት አልታየም። መስመሩን በእግር ሂዱ። በእጃችሁ ጂፒኤስ፣ ደብተርና አካፋ ይኑር። እነዚህን መዝግቡ፦

- የአፈሩ ቀለም የሚቀየርበት ቦታ። ጥቁሩ ወደ ቡናማ፣ ቡናማው ወደ ቀይ የሚሸጋገርበት።
- በበጋ የተሰነጠቀ መሬት። ስንጥቁ ውስጥ ቀጭን ዘንግ ስደዱና ምን ያህል እንደገባ ጻፉ።
- የተቆረጠ ገደል፣ የወንዝ ዳር፣ የድሮ የድንጋይ ማውጫ፣ የቤት መሠረት ቁፋሮ። እነዚህ ያለ ወጪ የተገኙ ጉድጓዶች ናቸው።
- የቆሙ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች፣ የውኃ ቧንቧ፣ የቆርቆሮና የሽቦ አጥር።
- ዘንበል ያሉ ምሰሶዎችና ዛፎች፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ።

በጎንደር ዙሪያ መሬቱ በአጭር ርቀት ይለዋወጣል። ከአዘዞ ወደ ቆላድባና ወደ ጎርጎራ ስትወርዱ የደንቢያ ሜዳ ነው፤ ወፍራም ዋልካ ታገኛላችሁ። ከተማው ያለበትና ወደ ወገራ የሚወጣው በኩል ባዛልት የተባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው፤ ላዩ በስብሶ ወደ ቀይና ቡናማ አፈር የተለወጠበት፣ በመካከሉም ያልበሰበሱ ትልልቅ ድንጋዮች የቀሩበት። ወደ አይከል ስትሄዱ ጭልጋ ላይ ሌላ ጉድ አለ። ከባዛልቱ ጋር የተነባበረ ሸክላ፣ የእሳተ ገሞራ አመድና የድንጋይ ከሰል አለ። በእነዚህ ሦስት ቦታዎች አንድ ዓይነት አሠራር አይሠራም።

ከዚያ ገበሬውን ጠይቁ። ጥያቄው ግን «አፈሩ እንዴት ነው?» አይሁን። ለዚህ መልሱ «ጥሩ ነው» ይሆናል። እንዲህ ጠይቁ፦

«አባባ፣ የውኃ ጉድጓድ ስታስቆፍሩ ጥቁሩ አፈር በስንት ክንድ አለቀ?»

«አራት ክንድ ያህል ነው ልጄ። ከዚያ ነጭ ነጭ ጠጠር ያለው መጣ፣ ከዚያ ቀይ።»

አራት ክንድ ወደ ሁለት ሜትር ገደማ ነው። «ነጭ ጠጠር» የተባለው ብዙውን ጊዜ በዋልካ ሥር የሚጠራቀም የኖራ ጓል ነው። አንድ ሽማግሌ በሁለት ደቂቃ የሰጧችሁ ይህ መረጃ ግማሽ ቀን ልኬት ያድንላችኋል። ደብተር ላይ ከነቦታው ጻፉት።

ቀበሌውንም ሳታሳውቁ ኬብል አትዘርጉ። ማሳ ውስጥ የምትገቡ ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዱ። የቤተ ክርስቲያን ቅጥርና የመቃብር ቦታ ላይ ካስማ አይመታም፤ መስመሩን አዙሩት።

ደረጃ 3፦ ዘዴውን ለመሬቱ ምረጡ

ሬዚስቲቪቲ (መሬቱ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚከለክል መለካት)፦ የዋልካን ውፍረት ለመለየት የመጀመሪያ ምርጫችሁ ይሁን። ርጥብ ሸክላ ኤሌክትሪክ በደንብ ያሳልፋል፣ ባዛልት ይከለክላል። ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ በግልጽ ይታያል።

ሴይስሚክ ሪፍራክሽን (መሬቱን በመዶሻ መትቶ የሞገዱን ፍጥነት መለካት)፦ ለቆረጣ። ዐለቱ በዶዘር ይቀደዳል ወይስ ፍንዳታ ይፈልጋል የሚለውን ለመገመት ይረዳል። ለድልድይ እግርም ይሆናል።

የገጽ ሞገድ ልኬት፣ በተለምዶ ማስው የሚባለው፦ ከጠንካራ ንብርብር በታች ለስላሳ አለ ብላችሁ ስትጠረጥሩ። ጭልጋ ላይ ይህን አስቡበት።

የራዳር ልኬት፣ ማለትም ጂፒአር፦ ዋልካ ላይ አትድከሙ። ሸክላው ሞገዱን ይውጠዋል፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሜትር እንኳ ሳይወርድ ይሞታል። መሣሪያው በእጃችን ስላለ ብቻ ይዘነው አንወጣም። ለአስፋልት ውፍረት ወይም ለደረቅ ጠጠር ግን ጥሩ ነው።

ከተቻለ ሬዚስቲቪቲና ሴይስሚክን በአንድ መስመር ላይ ሥሩ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 8 ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 4፦ ወቅቱንና ዕቃውን አዘጋጁ

በጣም ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ዝናቡ አቁሟል፣ መሬቱ ግን ገና እርጥበት አለው፣ ዋልካው አልተሰነጠቀም። ችግሩ ማሳው ላይ ሰብል መኖሩ ነው። ስለዚህ በወሰንና በመንገድ ዳር ዘርጉ፤ ካልሆነ አጨዳ እስኪያልቅ ጠብቁ።

ሚያዝያና ግንቦት ላይ ከሠራችሁ ስንጥቁ ሰፊ ነው። ኤሌክትሮዱ (መሣሪያውን ከመሬቱ ጋር የሚያገናኘው የብረት ዘንግ) አፈር አይነካም፣ ጂኦፎኑም (የመሬቱን ንዝረት የሚቀበለው) በቅጡ አይተከልም። ክረምት ላይ ደግሞ መኪናው ማጥ ውስጥ ይቀራል፣ ከሰዓት በኋላም መብረቅ አለ። ሰማዩ ሲያጉረመርም ሥራ አቁሙ፤ የተዘረጋ ረጅም ሽቦ አጠገብ ማንም አይቁም።

ከመሣሪያው ሌላ ሰው የሚረሳቸው ነገሮች፦

- ሁለት ሙሉ የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ። አንድ አይበቃም።
- ሁለት ጄሪካን ውኃና ጨው።
- ሁለት ባለ 50 ሜትር ቴፕ።
- 8 ኪሎ ገደማ የሚመዝን መዶሻና ወፍራም የብረት ሳህን።
- የተቆረጠ ሽቦ መቀጠያ ቴፕና ፒንሳ።
- ሎግ-ሎግ (በሁለቱም አቅጣጫ በሎጋሪዝም የተሰመረ) የግራፍ ወረቀትና እርሳስ። ላፕቶፕ ቢኖራችሁም።
- ደማቅ ቀለም ያለው ጨርቅ፣ ኬብሉ ያለበትን ለማመልከት።

ቢሮ ውስጥ እያላችሁ መሣሪያውን ፈትሹ። ኬብሉን በሙሉ ዘርግታችሁ በመልቲሜትር ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ። ሜዳ ላይ የሚታየው ብልሽት አብዛኛው የኬብል ብልሽት ነው።

ደረጃ 5፦ መጀመሪያ በምታውቁት መሬት ላይ ለኩ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። የሥዕሉ ስሕተትም አብዛኛው እዚህ ይጀምራል።

በየመሬቱ ዓይነት አንድ የተቆረጠ ገደል ወይም አንድ ጉድጓድ ምረጡ። ሜዳው ላይ አንድ፣ የቀይ አፈሩ ኮረብታ ላይ አንድ፣ ሽግግሩ ላይ አንድ። ንብርብሩን በዓይን አይታችሁ በቴፕ ለኩ። ከዚያ እዚያው አጠገብ በመሣሪያው ለኩ። ገደሉ ጫፍ ላይ ግን አትለኩ፤ አየሩ ልኬቱን ያዛባል። ከገደሉ ቁመት ጥቂት እጥፍ ያህል ራቁ።

አሁን በእጃችሁ የራሳችሁ ሰንጠረዥ አለ። «እዚህ ርጥብ ዋልካ ይህን ያህል ኦም ሜትር፣ የበሰበሰ ባዛልት ይህን ያህል» የሚል። ኦም ሜትር የሬዚስቲቪቲ መለኪያ ነው። ከመጽሐፍ የተቀዳ ሰንጠረዥ የሚረዳችሁ ቁጥሩ ከእውነት እጅግ ሲርቅ ለመጠርጠር ብቻ ነው።

ደረጃ 6፦ የሬዚስቲቪቲ ልኬት

ሀ. አዘረጋግ

መሣሪያውን መካከል ላይ አስቀምጡ። መካከሉን በካስማ ምልክት አድርጉ፤ እስከ መጨረሻው አይንቀሳቀስ። ሁለቱን የቮልቴጅ ኤሌክትሮዶች (ኤም እና ኤን) መካከሉ አጠገብ፣ ሁለቱን የከረንት ኤሌክትሮዶች (ኤ እና ቢ) በግራና በቀኝ እኩል ርቀት ትከሉ።

መስመሩ በተቻለ መጠን በተመሳሳይ ከፍታ ይሂድ። ተዳፋት ላይ ከሆናችሁ ሽቅብና ቁልቁል አትዘርጉ፣ አግድም ዘርጉ። ከምሰሶ መስመር፣ ከቧንቧና ከሽቦ አጥር ጋር ትይዩ አትሁኑ። ማምለጥ ካልተቻለ ቀጥ ብላችሁ አቋርጡ።

ለመንገድ የሚሆን የርቀት ቅደም ተከተል (ከመካከል እስከ ኤ፣ በሜትር)፦ 1፣ 1.5፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10፣ 15፣ 20፣ 30።

በኤም እና በኤን መካከል ያለው ርቀት መጀመሪያ 0.4 ሜትር ይሁን። 6 እና 8 ላይ ስትደርሱ በ0.4ም በ2 ሜትርም ለኩ። 15 እና 20 ላይ በ2ም በ6 ሜትርም ለኩ። ይህ ድግግሞሽ ትርፍ ሥራ አይምሰላችሁ። ሁለቱ ንባቦች በጣም ከተራራቁ አንዱ ኤሌክትሮድ ችግር አለበት፣ ወይም መሬቱ በጎን ተለዋውጧል ማለት ነው።

ለ. አተካከል

በአጭር ርቀት ላይ ኤሌክትሮዱን ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ አስገቡ። 1 ሜትር ርቀት ላይ ግማሽ ሜትር ብረት ከቀበራችሁ ቀመሩ ይሰበራል። ርቀቱ ሲሰፋ ጠለቅ አድርጉ።

መሣሪያው የንክኪ ተቃውሞውን ያሳያችኋል። ከ2000 ኦም በላይ ከሆነ አትለኩ። በቅደም ተከተል ይህን ሞክሩ፦

1. ኤሌክትሮዱን ከስንጥቁ አንሡና ደህናው አፈር ላይ ትከሉት።
2. ዙሪያውን በእግር ጠቅጥቁ።
3. ግማሽ ሊትር ያህል ጨዋማ ውኃ አፍስሱና ሁለት ደቂቃ ጠብቁ።
4. አሁንም እምቢ ካለ ሁለተኛ ኤሌክትሮድ አጠገቡ ትከሉና በሽቦ አያይዟቸው። ይህ ለኤ እና ለቢ ነው።

አደራ፣ በአጭር ርቀት ላይ ውኃውን እንደ አትክልት አታጠጡ። የኤምና የኤን እርጥበት ከተገናኘ የምትለኩት ጄሪካኑን ነው።

ሐ. አለካክ

ከረንት ከመላካችሁ በፊት «ተነሡ!» ብላችሁ ጩኹ፤ ከኤ እና ከቢም «ዝግጁ!» የሚል መልስ ስሙ። ኤ እና ቢ ላይ ብዙ መቶ ቮልት ሊኖር ይችላል። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ሽቦውን ለማየት ይመጣሉ፤ በባዶ እግራቸው ናቸው። በየጫፉ አንድ ሰው ይቁም። ከብቱንም ልጆቹንም ሳያርቅ ማንም ከረንት አይልቀቅ። ለዚህ ሁለት ሰው መቅጠር ይኖርባችኋል፤ አትቆጥቡ።

ስሌቱ ይህ ነው። የኤ ርቀት 10 ሜትር፣ የኤም እና ኤን ርቀት 2 ሜትር ይሁን። የኤ ርቀት በራሱ ሲባዛ 100፣ የኤምና ኤን ርቀት ግማሽ በራሱ ሲባዛ 1 ነው፤ ልዩነታቸው ለኤምና ኤን ርቀት ይካፈላል። የጂኦሜትሪ ቁጥሩ 3.14 × (100 − 1) ÷ 2፣ ወደ 155 ይመጣል። ቮልቴጁ 12 ሚሊ ቮልት፣ ከረንቱ 100 ሚሊ አምፔር ከሆነ 0.12 × 155፣ ወደ 18.6 ኦም ሜትር ይሆናል።

እያንዳንዱን ነጥብ፣ የኤን ሳይሆን የኤ ርቀትን ከኦም ሜትሩ ጋር፣ እዚያው በግራፍ ወረቀት ላይ አስቀምጡ። ማታ ሆቴል ገብቼ አየዋለሁ ማለት ነገ እዚያው ተመልሶ መምጣት ነው። ግራፉ ላይ ሦስት ነገር ጠብቁ።

- ነጥቡ ብቻውን ዘሎ ከወጣ፦ ርቀቱን በቴፕ አረጋግጡ፣ ከዚያ ድገሙ።
- ግራፉ ከ45 ዲግሪ በላይ ከፍ ካለ፦ አግድም በተነባበረ መሬት ይህ አይሆንም። ኬብሉ ተልጦ መሬት እየነካ ይሆናል፣ ወይም ርቀት ተሳስታችኋል፣ ወይም መሬቱ በጎን ይቀየራል።
- ቮልቴጁ ከአንድ ሚሊ ቮልት በታች ከወረደ፦ ዋልካ ላይ የተለመደ ነው። ከረንቱን ጨምሩ፣ የኤምና ኤንን ርቀት አስፉ፣ ንባቡን ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ። ንባቦቹ ከ5 በመቶ በላይ ከተለያዩ ያንን ነጥብ አትቀበሉ።

በየስንት ሜትሩ? ሜዳው ላይ በየ500 ሜትሩ ጀምሩ። በሁለት ነጥቦች መካከል ግራፉ መልኩን ከቀየረ መካከሉን ለኩ፤ ካስፈለገ እስከ 100 ሜትር አጥብቡ። ርቀቱን መሬቱ ይወስን እንጂ ቢሮ ውስጥ የተጻፈ ቁጥር አይወስነው።

ደረጃ 7፦ የሴይስሚክ ልኬት

ሀ. አዘረጋግ

የዝርጋታው ርዝመት ማየት ከምትፈልጉት ጥልቀት ቢያንስ 4 ወይም 5 እጥፍ ይሁን። 24 ጂኦፎን በ2 ሜትር ርቀት ስትዘረጉ 46 ሜትር ይሆናል፤ ወደ 10 ሜትር ጥልቀት ያሳያል። ለላይኛው 4 ወይም 5 ሜትር በ1 ሜትር ርቀት አጥብቁት።

ሣሩንና የላላውን አፈር በአካፋ ጠርጋችሁ ጂኦፎኑን ቀጥ አድርጋችሁ በእጃችሁ ግፉት። ስታንቀሳቅሱት መወዛወዝ የለበትም። ስንጥቅ ላይ ከዋለ አሥር ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ውሰዱትና መዝግቡ።

ለ. አመታት

ቢያንስ አምስት ቦታ ምቱ፦ ሁለቱ ጫፎች፣ መካከሉ፣ ከሁለቱም ጫፍ ውጪ ከ10 እስከ 20 ሜትር ርቀት ላይ። ከአንድ ጫፍ ብቻ መምታት አይበቃም። ዐለቱ ዘንበል ካለ ከአንድ ወገን ብቻ የተለካ ፍጥነት የተዛባ ነው፤ ከሁለቱም ወገን ሲለካ ነው የሚስተካከለው።

ሳህኑ መሬቱ ላይ ሙሉ በሙሉ ይረፍ። በየቦታው ከ5 እስከ 10 ጊዜ ምቱና ንባቦቹን ደምሩ። ሳህኑ ከዘለለ ወይም መዶሻው ሁለቴ ከነካ ያንን ምት ሰርዙ።

ሐ. ጫጫታ ሲያስቸግር

አይሱዙና ባጃጅ ሲያልፍ ጠብቁ። የገበያ ቀን ከሆነ መንገዱ በሰውና በአህያ ስለሚሞላ መንገድ ዳር አትዘርጉ። ነፋስ ካለ ከባሕር ዛፍ ራቁ፤ ዛፉ ሲወዛወዝ ሥሩ መሬቱን ያንቀጠቅጣል። ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። ኬብሉን በጨርቅና በአፈር ያዙት።

የመጀመሪያው ሞገድ መነሻ በሩቆቹ ጂኦፎኖች ላይ በግልጽ ካልታየ ቦታውን አትልቀቁ። ምት ጨምሩ። ኮምፒውተር ላይ ማጣሪያ አድርገን እናወጣዋለን የሚለው ተስፋ ብዙ ጊዜ ግምት ወደ መልቀም ይወስዳል።

መ. ፈጣን ስሌት

የላይኛው ፍጥነት 400 ሜትር በሰከንድ፣ የታችኛው 1600፣ ሞገዱ የደረሰበትን ጊዜ ከርቀት ጋር በሚያሳየው ግራፍ ላይ የሁለቱ ፍጥነቶች መስመሮች መገናኛ ከምቱ 12 ሜትር ላይ ይሁን። ጥልቀቱ የ12 ግማሽ በ(1600 − 400) ÷ (1600 + 400) ስኩዌር ሩት ሲባዛ ነው። 6 × 0.775፣ 4.65 ሜትር። ሶፍትዌሩ ከዚህ እጅግ የራቀ ነገር ከነገራችሁ ሶፍትዌሩ ላይ የገባውን መረጃ ፈትሹ።

ደረጃ 8፦ ቁጥሩን ወደ አፈር መተርጎም

እንደ መነሻ ብቻ፦ ርጥብ ዋልካ ከ10 ኦም ሜትር በታች፣ የበሰበሰ ባዛልት ከ20 እስከ 100፣ ያልበሰበሰ ባዛልት ከጥቂት መቶዎች እስከ ሺዎች። በፍጥነት ደግሞ ደረቅ ልል አፈር ከ200 እስከ 600 ሜትር በሰከንድ፣ የበሰበሰ ባዛልት ከ800 እስከ 2500፣ ጤነኛ ባዛልት ከ3500 በላይ። ደረጃ 5 ላይ ያገኛችሁት ቁጥር ከዚህ ከተለየ የራሳችሁን ተጠቀሙ።

አራት ወጥመዶች አሉ። ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

የውኃው ወጥመድ። በውኃ የጠገበ ሸክላ ፍጥነቱ 1500 ሜትር በሰከንድ አካባቢ ነው። የበሰበሰ ባዛልትም 1500 ሊሆን ይችላል። በሴይስሚክ ብቻ አትለዩዋቸውም። መስከረም ላይ መገጭ ወንዝ ዳር ለክቶ «ዐለት በ2 ሜትር» የሚል ሰው ያየው ውኃውን ሊሆን ይችላል። ሬዚስቲቪቲውን አምጡ። 1500 ከ6 ኦም ሜትር ጋር ከመጣ ርጥብ ሸክላ ነው። 1500 ከ60 ኦም ሜትር ጋር ከመጣ የበሰበሰ ዐለት የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ሁለቱን ዘዴ በአንድ መስመር ሥሩ ያልኩት ለዚህ ነው።

የደረቅ ቅርፊት ወጥመድ። በግንቦት የላይኛው አንድ ሜትር ዋልካ ደርቆና ተሰንጥቆ ሬዚስቲቪቲው ከፍ ይላል። ጠጠር ወይም ጥሩ አፈር ይመስላል። ሰኔ ሲገባ ያው ዋልካ ነው። የላይኛውን ንብርብር ከመሰየማችሁ በፊት የለካችሁበትን ወር አስታውሱ፣ በአካፋም ገልጣችሁ እዩ።

የውፍረት ወጥመድ። ከባዛልት በላይ የተቀመጠ ቀጭን ሸክላ፣ 1 ሜትር ውፍረት በ5 ኦም ሜትርና 2 ሜትር ውፍረት በ10 ኦም ሜትር፣ የሚሰጡት ግራፍ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ሶፍትዌሩ አንዱን መርጦ ይሰጣችኋል፤ ሌላውም እኩል እንደሚስማማ ላይነግራችሁ ይችላል። የሸክላውን ሬዚስቲቪቲ ደረጃ 5 ላይ ከለካችሁበት ጉድጓድ ወስዳችሁ ቆልፉትና ውፍረቱን ብቻ እንዲፈልግ አድርጉ። ለመንገድ ተቋራጭ የአንድ ሜትር ልዩነት በኪሎ ሜትር ሲባዛ ስንት መኪና አፈር እንደሆነ አስቡት።

የተደበቀው ንብርብር ወጥመድ። ሴይስሚክ ሪፍራክሽን ፍጥነት ወደ ታች እየጨመረ እንደሚሄድ አድርጎ ነው የሚያስበው። ከጠንካራ በታች ለስላሳ ካለ አያየውም። ይባስ ብሎ ከሥሩ ያለውን ዐለት ጥልቀትም ያዛባል። ጭልጋ አካባቢ ባዛልት ከላይ፣ ሸክላና አመድ ከታች ሊሆን ይችላል። ቆረጣው ባዛልቱን አልፎ ሸክላው ላይ ሲደርስ ተዳፋቱ ይንሸራተታል። ምልክቶቹ ሁለት ናቸው፦ ፈጣኑ ሞገድ በርቀት ቶሎ ይዳከማል፣ የሬዚስቲቪቲው ግራፍ ደግሞ ወጥቶ ተመልሶ ይወርዳል። ሁለቱን ካያችሁ የማስው ልኬት ወይም ድሪሊንግ ጠይቁ። በግምት አትለፉት።

በቀይ አፈሩ ኮረብታ ላይ ደግሞ የብቸኛ ድንጋይ ነገር አለ። የዲሲፒ ዘንግ (እየተመታ ወደ አፈሩ የሚገባ የጥንካሬ መለኪያ) ድንጋይ ነክቶ ሲቆም «ዐለት ደረስን» ይባላል። በበሰበሰው አፈር ውስጥ የቀረ አንድ ትልቅ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። አንድ ሜትር ወደ ጎን ሄዳችሁ ድገሙ፤ የሴይስሚክ መስመሩም ዐለቱ ቀጣይ መሆኑን ያሳይ።

ቆረጣን በተመለከተ፣ ትልቅ ዶዘር በሪፐር (ከኋላው ባለው መቅደጃ ጥርስ) እስከ 2000 ሜትር በሰከንድ አካባቢ ያለውን ሊቀድድ ይችላል። ይህ ግምት እንጂ ዋስትና አይደለም። የዐለቱ ስንጥቅ ሁኔታ ይወስነዋል።

ደረጃ 9፦ አሁን ቆፍሩ

ጉድጓዶቹን በእኩል ርቀት አትበትኑ። ልኬቱ ወደጠቆማችሁ ቦታ ውሰዷቸው፦ ዋልካው በጣም ወፍራም የመሰለበት፣ በጣም ቀጭን የመሰለበት፣ ግራፉ መልክ የቀየረበት፣ ሁለቱ ዘዴዎች ያልተስማሙበት። የመጨረሻውን አትዝለሉ። ሰው ቶሎ መሸፈን የሚፈልገው እሱን ነው።

በኤክስካቫተር እስከ 3 ሜትር ውረዱ። ከ1.2 ሜትር በላይ ጥልቅ የሆነና ግድግዳው ያልተደገፈ ጉድጓድ ውስጥ ማንም አይግባ። የዋልካ ግድግዳ ቆሞ እያለ ሳያስጠነቅቅ ይናዳል። ናሙናውን ከባልዲው ላይ ውሰዱ። ጉድጓዱን ሳትደፍኑ አትደሩ፤ ማታ ከብት ወይም ሰው ይገባበታል።

ከየንብርብሩ ናሙና ወስዳችሁ የተፈጥሮ እርጥበት፣ የፕላስቲሲቲ ኢንዴክስ (አፈሩ ሊጥ ሆኖ የሚቆይበት የእርጥበት ስፋት)፣ የማበጥ ልክና አራት ቀን ውኃ ውስጥ የቆየ ሲቢአር (የአፈሩ የመሸከም አቅም መለኪያ) አስመርምሩ። ለእርጥበት የሚሆነውን ናሙና ወዲያው በፌስታል ደርባችሁ እሰሩ፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ቁጥሩ ዋጋ የለውም።

ጉድጓዱ ከልኬቱ ጋር ካልተስማማ ጉድጓዱን እመኑ። ሞዴሉን በጉድጓዱ ውፍረት አስተካክላችሁ እንደገና አስሉ። ከዚያ የጎረቤቶቹን ነጥቦች በሙሉ ድገሙ፤ አንዱ ከተሳሳተ ሌሎቹም በዚያው አሳሳች ሐሳብ የተሠሩ ናቸው።

ደረጃ 10፦ የምታስረክቡት

ባለቀለሙ ሥዕል ለብቻው ለተቋራጩ አይጠቅመውም። ከመነሻው ጀምሮ በየ100 ሜትሩ የሚነበብ ሰንጠረዥ ስጡት፦ ቦታው፣ የዋልካው ውፍረት፣ ከሥሩ ያለው፣ ውኃ የታየበት ጥልቀት፣ የተለካበት ወር፣ መረጃው ከጉድጓድ የመጣ ነው ወይስ በጉድጓዶች መካከል የተገመተ። የመጨረሻዋን ዓምድ አትርሱ። ዋልካው ተቆርጦ በገረጋንቲ ይተካ ወይስ ሌላ መላ ይፈለግ የሚለውን የሚወስነው የንድፍ መሐንዲስ የትኛውን ቁጥር አምኖ ገንዘብ እንደሚያወጣበት የሚያውቀው በእሷ ነው።

ጥሬ ንባቦቹን፣ የኤሌክትሮድ ርቀቶቹን፣ የጂፒኤስ ነጥቦቹንና የጉድጓዶቹን ፎቶ ከሰንጠረዡ ጋር አያይዙ። ፎቶው ላይ የተዘረጋ ቴፕና የቦታው ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይታይ።